በረንዳ ላይ ቲማቲም፦ ቅጠል ብቻ ሆነ፣ ያፈራውም ከታች ይጠቁራል (ደሴ)

ቆስጣ_በባልዲ (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ደሴ ነኝ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ኪራይ ቤት። በረንዳው ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ነው። ፊቱን ወደ ደቡብ ሰጥቷል፣ ጣሪያው እስከ መከላከያው ብረት ድረስ ይሸፍነዋል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ውኃ በፈረቃ በአራት ቀን አንዴ ነው የምናገኘው።

የካቲት ላይ የተተከለው ይኸውና፦ አራት የቲማቲም ችግኝ በአራት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን፣ ሰላጣ በሳፋ፣ ካሮት በማዳበሪያ (ከረጢቱን ነው የምለው)፣ ሁለት ቃሪያ በቀለም ባልዲ። አፈሩ ቤት ሲሠራ የወጣ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም። ውኃ እንዲያሳልፍ ብዬ ከሥር 10 ሳ.ሜ. ያህል ጠጠር አድርጌበታለሁ። በወር አንዴ ለእያንዳንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ እበትናለሁ።

አሁን ሰኔ ገባ። ቲማቲሙ ከብረቱ በላይ ወጥቶ ቀጥኗል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ አበባው ይረግፋል። ያፈራው ጥቂቱ ገና ጥሬ ሳለ ቂጡ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ይሆናል። ውኃ ሳፈስበት ወዲያው ከሥር ይወጣል፣ አፈሩ ግን ሲነካ ድንጋይ ነው። ሰላጣው ዘንግ አውጥቶ መረረ። ካሮቱ ሁለት ሦስት እግር አውጥቶ እንደ ሹካ ሆነ። ቃሪያው ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ) ሰፍሯል። “የእንቁላል ቅርፊት አድርጊበት” ያሉኝ አሉ፣ “መድኃኒት ርጪ” ያሉኝም አሉ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ከጦሳ_ሥር

አብሽሪ እህቴ። መድኃኒቱንም ቅርፊቱንም ለጊዜው ተይው። ከክሽክሹ በቀር የዘረዘርሽው ሁሉ ተባይም በሽታም አይደለም፤ የፀሐይ፣ የዕቃ፣ የአፈርና የውኃ ጉዳይ ነው።

ከፀሐይ እንጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይኼ ከቀረ ልፋት ነው። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን 3 ወይም 4 ሰዓት ካገኙ ያድጋሉ። ወደ ደቡብ የዞረ ባለጣሪያ በረንዳ እኛ አገር ሰው የሚያታልለው በበጋ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀትር ላይ እንኳ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ያህል ነው፤ ጣሪያሽ 2 ሜትር ከ60 ቢሆን ጨረሯ ወለሉን አልፎ ግድግዳው ላይ ይወጣል። መጋቢት አጋማሽ ላይ ግን ቀትር ላይ የሚደርስሽ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውስጥ 50 ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ደግሞ የቀትር ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ በረንዳሽ በዚያ ሰዓት አንዲት ጨረር አያገኝም። የጦሳ ተራራም በምዕራብ በኩል ስለቆመ የማታዋ ቶሎ ትሸሸጋለች። የካቲት የተተከለ ቲማቲም አበባ በሚጥልበት ወቅት ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቁመቱ የጤና አይደለም፣ ብርሃን ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ለዚህ በረንዳ የቲማቲም ዘር የሚዘራው ኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ችግኙ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ይቆያል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ወደ ባልዲ ይዛወራል፣ ብርዱ ሲለዝብ በየካቲት ያብባል፣ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል። “ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አይመታውም ወይ?” ትይኝ ይሆናል። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀት ከቅጠሉ ወደ ላይ ሲያመልጥ ነው፤ ጣሪያ ካለ ያንን ያግዳል። በጣም በሚበርድበት ሌሊት ብቻ በአራት እንጨት ላይ ኬሻ ዘርጊበት፣ ቅጠሉን አይንካው፣ ጠዋት አንሺው።

ዕቃው። 5 ሊትር ለቲማቲም አይሆንም። አንድ የቲማቲም እግር 20 ሊትርና ከ30 ሳ.ሜ. ያላነሰ ጥልቀት ይፈልጋል። ቃሪያ 10 ሊትር ይበቃዋል። ቆስጣና ጎመን ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ ካሮት 30፣ ሰላጣ 15፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ 20 ሳ.ሜ. ቢያገኝ ደህና ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ሁለት ዓይነት ይቆረጣል፦ አናቱን ቆርጠሽ ብታቆሚው ለቲማቲም፣ በጎኑ አጋድመሽ ሰፊውን ፊት ብትከፍቺው ለሰላጣና ለድንብላል። ዘይት የነበረበት ከሆነ በፈላ ውኃና በሳሙና ሁለቴ ይታጠብ። ኬሚካል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የነበረበትን ግን በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ።

ቀዳዳው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከሥር አምስት ወይም ስድስት፣ በተጨማሪም በጎን ከወለሉ 2 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ አራት ይሁን። የጎኑ የሚያስፈልገው ዕቃው ሲሚንቶ ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ የሥሩ ስለሚደፈን ነው። የጋለ ሚስማር በፒንሳ ይዞ መብሳት ይቀላል፤ ብርድ ላይ በመዶሻ ከተመታ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ዕቃው ሁለት የብሎኬት ስባሪ ላይ ይቀመጥ።

ጠጠሩን አውጪው። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው፣ ግን ስህተት ነው። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ጢም ብሎ ሲጠግብ ብቻ ነው። የረጠበ ስፖንጅ ድንጋይ ላይ ብታስቀምጪ ታችኛው ጫፉ ውኃ እንደያዘ ይቀራል፤ ያ ነው። እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ አደረግሽው፣ ከ5 ሊትሯ ላይም ሲሶውን ወሰድሽባት። ቀዳዳው ላይ አንድ ቁራጭ ኬሻ ማንጠፍ በቂ ነው።

አፈሩ። ንጹሕ ዋልካ በዕቃ ውስጥ ሲደርቅ ይኮማተርና ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል። ያፈሰስሽው ውኃ በዚያ ክፍተት ወርዶ ይወጣል፣ መሐሉ እንደደረቀ ነው። ድብልቁ እንዲህ ይሁን፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ። አፈሩ ዋልካ ብቻ ከሆነ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ሦስቱም በወንፊት ይነፋ። ፍጉ በስብሷል የሚባለው ሲነካ የማይሞቅ፣ የማይሸት፣ ገለባው የማይለይ ሲሆን ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር። የዶሮ ኩስ ከሆነ ከዚህ ድብልቅ አንድ አሥረኛ አይለፍ፣ እሱም የበሰበሰው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ እርጥቡን ድብልቅ ጨብጠሽ እጅሽን ክፈቺ። ክብ ሆኖ ከቆየና በጣት ነካ ሲደረግ ከፈረሰ ደርሷል። እንደ ጭቃ ከተያያዘ አሸዋ ጨምሪ፤ ገና እጅሽን ስትከፍቺ ከተበተነ ፍግ ጨምሪ። ሲሞላ ከአፉ 4 ሳ.ሜ. ይቅር፣ ያለዚያ ውኃው አፈር ይዞ ይፈሳል።

ቂጡ የጠቆረው ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ዋልካ ካልሲየም አያጣም። ካልሲየም የሚጓዘው ከውኃ ጋር ነው፤ አራት ቀን ደርቆ አንድ ቀን ሲጥለቀለቅ ጉዞው ይቋረጣል፣ መጀመሪያ የሚጎዳውም ሩቁ ጫፍ ነው። ዩሪያው ደግሞ ቅጠሉን ስላስሮጠው ቅጠሉ ድርሻውን ቀማው። የእንቁላል ቅርፊት ለመሟሟት ወራት ይፈጃል፣ ለዚህ ዓመት ፍሬ አይደርስም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ለ5 ሊትር አፈር ከሚገባው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ያልሞተው በስንጥቁ ታጥቦ ስለወጣ ይመስለኛል። ልኩ አንድ የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ውኃ ተሟሙቶ፣ ለአንድ ባልዲ አንድ ሊትር፣ በሦስት ሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ለቆስጣና ለጎመን። አፈሩ አስቀድሞ ይርጠብ። ለቲማቲም አበባ ካየሽ በኋላ ዩሪያ የሚባል አታሳዪው።

ሁለት_ባልዲ

ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን ውኃ በአራት ቀን ለሚመጣለት ሰው “አዘውትረሽ አጠጪ” ማለት አይሠራም። ዕቃው ራሱ ውኃ ማጠራቀም አለበት።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ 10 ሳ.ሜ. እየሆነ የተቆረጠ ሦስት ቁራጭ ወፍራም ፒቪሲ ቱቦ፣ 60 ሳ.ሜ. የሚረዝም ቀጭን ቱቦ፣ አንድ የእርጎ ኩባያ፣ ቁራጭ የወባ አጎበር።

ሦስቱን ቁራጭ በታችኛው ባልዲ ወለል ላይ አቁሚ። የላይኛው ባልዲ እነሱ ላይ ይቀመጣል፤ በሁለቱ ወለሎች መካከል 10 ሳ.ሜ. ባዶ ይኖራል። ባልዲው ከውስጥ ወደ ጎን 28 ሳ.ሜ. ገደማ ከሆነ ያ ባዶ ቦታ የቱቦዎቹንና የኩባያውን ቦታ ቀንሰሽ 5 ሊትር ይይዛል። የላይኛው ባልዲ ወለል መሐል ኩባያው እስከ አንገቱ የሚገባበት ቀዳዳ ይቆረጥ፣ ዙሪያውን ሃያ ያህል ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። የኩባያው ጎንም ይበሳሳ። በጠርዙ በኩል ቱቦው የሚያልፍበት አንድ ቀዳዳ፤ የቱቦው ታችኛ ጫፍ በሰያፍ ተቆርጦ ወለሉ ላይ እንዳይደፈን ይሁን።

ከሁሉ የሚረሳው ይኼ ነው፦ የታችኛው ባልዲ ጎን ላይ፣ ከወለሉ 9 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ፣ የትርፍ ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይበሳ። እሱ ከሌለ ውኃው የላይኛውን አፈር ይነካና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የአንድ ሳንቲ ሜትሯ ልዩነት አየር የምትገባበት ናት።

ኩባያውን በእርጥብ ድብልቅ ጠቅጠቅ አድርገሽ ሙይ፤ ውኃ ስቦ ወደ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ንጹሕ ዋልካ ከሆነ ጭቃ ሆኖ ይደፈናል፣ አሸዋ ከበዛበት ደግሞ አይስብም። ከዚያ ባልዲው ይሞላል፣ ችግኝ ይተከላል። የመጀመሪያ ቀን ብቻ ከላይ ይጠጣ፣ በጎን ቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ በኋላ በቱቦው ነው። የአፈሩ ገጽ በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ጭድ ሁለት ጣት ያህል ይሸፈን።

ደሴ ብርድ ውስጥ ቆስጣ የያዘ ባልዲ በቀን አንድ ሊትር አይጨርስም፤ 5 ሊትር አራቱን ቀን ያሻግርሻል። ፍሬ የያዘ ቲማቲም በፀሐይ ቀን ሊትር ተኩል ሊጠጣ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን ሁለት ሊትር መጨመር ነው። ስድስት ባልዲ ካለሽ ለአራት ቀን 24 ሊትር ነው፣ አንድ ቢጫ ጄሪካንና ትንሽ ጆግ።

ሁለት የሚበላሽ ነገር አለ። ውኃው ሁልጊዜ ከታች ስለሚመጣ የማዳበሪያው ጨው ከላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በወር አንዴ 4 ሊትር ከላይ አፍስሰሽ አጥቢው። ሌላው ትንኝ ነው። ቱቦው ክዳን፣ ትርፍ መውጫው አጎበር ይኑረው፤ በተለይ ወደ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ወባ ባለበት ይኼ ቀልድ አይደለም።

የአትክልትና የእህል እጣቢ ውኃ ይሆናል። የኦሞና የበረኪና ውኃ አይሆንም፤ ሶዲየሙ አፈሩን ያጣብቀዋል፣ ያንቺ ዋልካ ደግሞ ለመጣበቅ ሰበብ አያጣም።

ቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፣ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ስለዚህ ከታች ያላችሁ ከላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አትውሰዱት።

እኛ ጋ ብርድ አይደለም ችግሩ፣ ዕቃው መጋሉ ነው። ጥቁር ባልዲ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ሲቆም በግድግዳው በኩል ያለው ሥር ይቀቀላል፤ ምልክቱ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ በቀትር ይጠወልጋል። ባልዲውን ኖራ ቀቡት ወይም በኬሻ ጠቅልሉት። ቲማቲም መስከረም ይዘራል፣ ጥቅምት ይዛወራል፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ይለቀማል፤ ኅዳር መጠበቅ አያስፈልግም። አሸዋውም ላይ ከጦሳ ሥር ካለው ወዳጃችን እለያለሁ። አንድ እጅ አሸዋ እዚህ በቀን ሁለቴ አጠጣኝ ይላል፤ ግማሽ እጅ ይበቃል፣ የጎደለውን በፍግ ሙሉት።

ተባዩም ይለያል። ደሴ ላይ በክረምት ቲማቲምን የሚፈጀው ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው፣ ገበሬው “ምች መታው” የሚለው። እኛን የሚያስቸግረን ነጭ ዝንብና ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገር የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ነው። ቱታ ቅጠሉን በሁለቱ ገጽ መካከል ገብቶ ይበላል፤ ቅጠሉ ላይ የነጣ፣ ስስ ወረቀት የመሰለ ሰፊ ጠባሳ ይታያል፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ትሏ ውስጡ ትታያለች። ጥቂት ባልዲ ላለው ሰው ርጭት አያስፈልግም። በየሁለት ቀኑ እንዲህ ያለውን ቅጠል እየለቀሙ ላስቲክ ውስጥ ቋጥሮ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ መጣል ነው። መሬት ላይ ከተጣለ ግን ትሏ ወጥታ አፈር ውስጥ ትገባለች።

ቆስጣ_በባልዲ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዝርዝር አልጠበቅሁም። ጥቂት ጥያቄ ልጨምር። አሁን ያሉት ቲማቲሞች ይነቀሉ ወይስ ይትረፉ? ሁሉንም ወደ 20 ሊትር ካሳደግሁ በረንዳው ይችለዋል? ክረምቱን ምን ልትከል? ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ የቡና አተላና የጫት ገረባ ሞልቷል፣ ፍግ ግን ሰኞ ገበያ ካልሄድኩ የለም፤ ይሆናሉ?

ከጦሳ_ሥር

ቲማቲሞቹን ንቀያቸው። ሥራቸው በ5 ሊትር ተጠምዝዟል፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ የለም፣ የሐምሌ እርጥበት ምችን ያመጣል። ያሉትን ጥሬ ፍሬዎች፣ ቂጣቸው ያልጠቆረውን፣ ለቅመሽ ካርቶን ውስጥ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ዝጊያቸው፤ መጠናቸው ሞልቶ መንጣት የጀመሩት ይቀላሉ። ቃሪያውን ግን አትንቀይው። ቃሪያ ዓመት የሚሻገር ተክል ነው፤ ሲሶውን ከላይ ከርክመሽ ክረምቱን ብታሳልፊው ከጥቅምት በኋላ ያፈራል።

ክብደቱን መጠየቅሽ ጥሩ ነው። 20 ሊትር እርጥብ አፈር ከነዕቃው 30 ኪሎ ይጠጋል፤ አሥር ባልዲ 300 ኪሎ ነው፣ አራት ጎልማሳ ሰው እንደማለት። ልዩነቱ ሰው ይሄዳል፣ ባልዲ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። በረንዳው ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ ከሆነ ከባዱ ግድግዳው ሥር ወይም ምሰሶ አጠገብ ይሁን፣ ብረቱ ጋ ቀላል ቀላሉ፣ የተጋደመው የሰላጣ ጄሪካን ይደርደር። ለቲማቲሞቹ የመጋቢቱን ፀሐይ የሚያገኘው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ብቻ በሁለቱ ማዕዘን፣ ምሰሶው ባለበት አቁሚ። አራት አትፈልጊም። በደንብ የተያዙ ሁለት እግሮች ከአራቱ የተሻለ ይሰጡሻል። ወለሉ ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ምንም ከባድ ነገር አታውጪበት።

አበባ ሲያወጣ ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። በረንዳ ውስጥ ንፋስ ስለማይደርስ የአበባው ዱቄት አይራገፍም። ረፋድ ላይ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን የአበባውን ዘለላ በጣት ጫፍ ቶክ ቶክ ማድረግ ነው፣ በየሁለት ቀኑ። ከደሴ ብርድ ጋር ይኼ ከተተወ አበባው እንደገና ይረግፋል።

ለአሁኑ ክረምት ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ባሮ ሽንኩርትና ድንብላል። ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውኃ በቀጥታ ባልዲ ውስጥ እንዳይወርድ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ሳቢያቸው። በዚህ ወቅት የሚገድላቸው ጥም ሳይሆን ውኃ ነው። ጣትሽን ሁለት አንጓ አስገቢ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጪ።

ገረባ_አይጣልም

ስለ ኮምፖስቱ ልመልስ። ገረባ ግሩም ነገር ነው፣ ግን ዝም ብሎ ባልዲ ላይ አይነሰነስም። አንዳንድ ቦታ ጫት ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ ጥሬውን ሰላጣ ሥር ማድረግ አይገባም። እንጨቱን ለይተሽ ጣይ፣ ቅጠሉንና ለስላሳውን ቀንበጥ ብቻ ውሰጂ፤ እንጨቱ በዓመትም አይበሰብስም።

ለበረንዳ የሚሆነው ጎኑና ሥሩ የተበሳሳ ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ወይም ትልቅ ክዳን ያለው ባልዲ ነው። አንድ እጅ እርጥብ (የአትክልት ልጣጭ፣ ገረባ፣ የቡና አተላ) ለሁለት እጅ ደረቅ (ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን)። በየሦስት እርከኑ አንድ ጭብጥ አሮጌ አፈር። በሳምንት አንዴ ይገለባበጥ። ከሸተተ ደረቅ ጎድሎታል፤ ካልሞቀና ካልተለወጠ ውኃ ጎድሎታል። ጨምቀሽው ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ በዝቶበታል፣ እጅ ብቻ ካረጠበ ልክ ነው። ደሴ ላይ አራት ወር ቁጠሪ፣ ኮምቦልቻ ሦስት።

የቡና አተላ ብቻውን ሲደፋ ይጋገርና ውኃ አያሳልፍም፤ በረካው ካለቀ በኋላ ጀበናውን ባልዲ ላይ መገልበጥ የተለመደ ነው፣ ይቅር። ኮምፖስቱ ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ድረስ ይሁን። አመድም እንዲሁ ነው፦ ለ20 ሊትር አንድ ጭብጥ፣ በዓመት አንዴ። አመድና ዩሪያ ደግሞ በአንድ ሳምንት አይገናኙ፤ ናይትሮጅኑ ሽታ ሆኖ ይተናል።

ካሮቱ ሹካ የሆነው ሥሩ ወደ ታች ሲሄድ የሚያጋጥመው ነገር ስላለ ነው፤ ጠጠር፣ የደረቀ ዋልካ ጓል፣ ያልበሰበሰ ፍግ። ለካሮት ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ አፈር፣ ጥቂት ያረጀ ኮምፖስት ይሁን። ችግኝ ሆኖ አይዛወርም፣ በቦታው ይዘራል። ዘሩ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ 1 ሳ.ሜ. ጥልቀት ላይ ይነስነስ፣ በእርጥብ ኬሻ ይሸፈን። ደሴ ላይ ለመብቀል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ከደረቀ አለቀ፣ አብዛኛው ሰው “ዘሩ የሞተ ነው” የሚለው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ቡቃያ እንደታየ ኬሻው በዚያው ቀን ይነሳ። ጣት ሲያህል አሳሺው፣ በመካከላቸው 5 ሳ.ሜ. ይሁን። ለማሳሳት እጅ ካልደፈረ ሁሉም ክር ሆኖ ይቀራል።

እፍኝ_ዘር

ክሽክሹን ልጨርስላችሁ። መጀመሪያ በውኃ ነው። ቅርንጫፉን በእጅ ደግፎ የቅጠሉን ጀርባ በጆግ ውኃ ወይም በአፈሙዝ ርጭት ማጠብ፣ ሦስት ቀን ተከታታይ። ብዙውን ጊዜ በዚያው ያልቃል። ካላለቀ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ሳሙና በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሟሙቶ፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ተጣርቶ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ይረጫል። በአምስተኛው ቀን ይደገማል፣ በአጠቃላይ ሦስቴ። ኦሞ አይሁን፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ላይ ላዩን መርጨት ከንቱ ነው። ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ካያችሁ ጉንዳኑንም አስወግዱ፤ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ጠላቶቹን እያባረረ እንደ ከብት ይጠብቀዋል። የባልዲውን ብሎኬት ውኃ የያዘ ሳህን ውስጥ ማቆም ይበቃል፣ ውኃው በየሁለት ቀኑ ይለወጥ እንጂ።

ክሽክሽ ለስላሳ ቅጠል ይወዳል። ዩሪያው ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል።

ሰላጣው የመረረው በጥምና በዕድሜ ነው። ሙሉ እግሩን ከመንቀል ይልቅ ውጪ ውጪውን ቅጠል እየቆረጡ መሐሉን መተው፣ በየሦስት ሳምንቱም ጥቂት ዘር ደግሞ መዝራት ነው፣ አንዱ ሲጠና ሌላው ይደርሳል። ዘሩ አፈር ውስጥ ጠልቆ አይቀበር፤ ብርሃን ስለሚፈልግ በጣም ስስ አፈር፣ ግማሽ ሳ.ሜ. እንኳ የማይሞላ፣ ይበቃዋል።

ዘር ስትገዢ ደግሞ፦ ለባልዲ ቲማቲም እንደ ሮማ ቪኤፍ ያለ አጭር፣ ቁጥቋጦ የሚሆን ዝርያ ይሻላል፤ ብብቱ ላይ የሚወጣውን ቀንበጥ አትቁረጪበት፣ አንድ ሜትር እንጨት ብቻ አቁሚለት። ቆስጣ ፎርድሁክ ጃይንት፣ ካሮት ናንትስ፣ ቀይ ሥር ዲትሮይት ዳርክ ሬድ በየዘር ሱቁ አሉ። ፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 (ድቅል ዘር) የሚል ካለበት ከፍሬው ዘር አታስቀሪ፣ በሚቀጥለው ዓመት እናቱን አይመስልም። የታሸገበትን ቀን አንብቢ። የሽንኩርትና የባሮ ዘር ዓመት ካለፈው አትግዢ፣ የቲማቲም ግን አራት ዓመትም ደረቅ ቦታ ከቆየ ይበቅላል። ጥርጣሬ ካለሽ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለሽ ላስቲክ ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት አስቀምጪ፤ በአሥር ቀን ከስድስት በታች ከበቀለ አብዝተሽ ዝሪ።